በሾፌሩ በኩል

ነይ እንጂ ኮራሊ፣ ምን እዚያ ፀሐይ ላይ ያስቆምሻል? እቺን ወንበር ሳቢና ጥላው ሥር ግቢ። የናራንዴራ ጸደይ እንዲህ ነው፤ ጠዋት ሹራብ ያስለብስሽና እኩለ ቀን ላይ ቆዳሽን ይልጥሻል። ዝንቡን ደግሞ እሽ ማለት አይሰልችሽ… እሱም እንደኛው የአሮጌ መኪና ክበቡ አባል ሆኗል። ከሲድኒ ከመጣሽ ገና ወር አልሞላሽም አይደል? ትለምጂዋለሽ፤ እኛም ለምደነው ነው።

ቋሊማ ላድርግልሽ? ዳቦው አለ፣ ሽንኩርቱም በደንብ ጠቁሯል። ሽንኩርቱን ከሥር ነው የማደርገው፣ ከላይ ሲሆን ይወድቅና አንዱን ሽማግሌ አንሸራቶ ይጥልብናል። ዛሬ ሽማግሌ በዝቷል፣ አየሽ፤ የአሮጌ መኪና ቀን ሲሆን ባለቤቶቹም አብረው አሮጌ ናቸው። ኪኪኪ። የምንሸጠው ለእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቹ ነው፣ እና ሁለት ብትበይ ጽድቅ ነው። እንካ… ያዢ፣ ያቃጥላል።

ያቺን ብርቱካናማ ፋልከን መኪና አየሻት? እዚያ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር። እንዴት ያለች ነገር ናት! የክላይቭ ናት፣ የባሌ፣ ነፍሱን ይማረው። አላገኘሽውም፤ አምና ነው ያረፈው። ከአንድ ገበሬ ማሳ ላይ ሲያገኛት ዶሮ ወንበሯ ላይ እንቁላል ትጥልባት ነበር። እንቁላሉን ለገበሬው መልሶ መኪናዋን ይዞ መጣ። ስምንት ሲሊንደር ነው ሞተሯ፤ ስትነሳ በጆሮሽ ሳይሆን በሆድሽ ነው የምትሰሚያት። ልጃችን ብሮንዊን ከሥሯ ተኝታ ነው ያደገችው፤ ሌሎች ልጆች አሻንጉሊት ሲያቅፉ የኔዋ መፍቻ ታቅፍ ነበር። እና የፊታችን ቅዳሜ ታገባለች። አዎ፣ እንኳን ደስ ያለን! ቬሎውን ከመምረጧ በፊት የመረጠችው መኪናዋን ነው። "እማዬ፣ አባዬ ሊወስደኝ ካልቻለ የአባዬ መኪና ትውሰደኝ" አለችኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም።

ማንን? አጠገቧ ጎንበስ ብሎ የሚወለውለውን ሰውዬ? እሱን ተይው፤ እሱ የራሳችን ሰው ነው። ይወልውል። እኔ ላጫውትሽ የፈለግኩት ስለ ሌላ ሰው ነው፣ ስለ አንድ ትልቅ ሰው… ስማቸውን አልጠራም። ሰው ማማት አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ገና አታውቂኝም? እንግዲህ ዛሬ እወቂኝ።

እኚህ ሰው ለኔ ወንድም ማለት ናቸው። ክላይቭ ሲታመም በየቀኑ የመጡ፣ ሲያርፍም ሬሳውን በትከሻቸው የተሸከሙ። ሊሞት ሲል እጁን ይዘው "ፋልከኗን ለኔ ተዋት፣ እኔ እጠብቃታለሁ" አሉት፤ እሱም ፈገግ አለ። ከዚያ ቁልፏን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። አንዳንዱ አደራ ሲሰጡት ኪሱ ይከታል፤ እኚህ ሰው ግን አንገታቸው ላይ አሰሩት። ስንቱ ነው እንዲህ ያለ ወዳጅ ያለው? ላም አለኝ በሰማይ ይባል የለ… እኔ ግን ላሜ ሰማይ አልሄደችም፣ ከኔ ሁለት መንገድ ማዶ ጋራዣቸው ውስጥ ነው የምታድረው። ባላያትም በግድግዳው በኩል ስታገሣ እሰማታለሁ።

ደግሞ እውቀታቸው! የክበባችን ፕሬዝዳንት ናቸው እኮ። ደረታቸው ላይ የወርቅ ቀለም ያላት ምልክት አለቻቸው፣ ሲታጠቡም የሚያወልቋት አይመስለኝም። ስለ ሞተር መናገር ከጀመሩ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ሻዩ ይበርዳል፣ ሰውም… ያው ይሄዳል፤ ሥራ አለበት። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ ሰዎች። እኔ ግን እላለሁ፣ ጥምጥሙ ካማረ ምን ችግር አለው?

እና ሠርጉ ሲቃረብ እኚሁ ሰው ተነሡ። "የብሮንዊን ስጦታዋ ከኔ ነው" አሉ። "ይሄ ሞተር ታፍኖ ነው እንጂ ገና መቼ ተነፈሰ! አሮጌውን ብረት አውጥቼ አዲስ የጭስ ቱቦ እገጥምላታለሁ፣ ያን ጊዜ ትዘፍናለች።" እነዚያ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ተጣብቀው ጭሱን የሚቀበሉት፣ ተሰብስበው ወደ ማርሚታው የሚሸኙት ቱቦዎች… አዎ እነሱን። ደግ ሐሳብ አይደለም? ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ልዋሽሽ አልችልም።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ ስታቭሮስ አለ፣ ማርሚታ ቤት ያለው፤ ለኛ መኪና፣ መሪው በቀኝ ለሆነው፣ ቱቦውን ራሱ እያጠፈ ይሠራል። "ጋሼ፣ እኔ ጋ አለ እኮ" አላቸው። እሳቸው ግን እንዴት ብለው! ለክላይቭ መኪና የሰፈር ዕቃ? ከአሜሪካ ነው ያዘዙት። ሳጥኑ የመጣ ቀን ሕፃን የተወለደ ነበር የሚመስለው፤ ክበቡ በሙሉ ጋራዣቸው ሄዶ አየ፣ አንዱ እንደውም ኬክ ይዞ መጣ። ቱቦዎቹ ያብረቀርቃሉ። እንዳንሳሳት ብለው አሜሪካኖቹ በያንዳንዱ ላይ ካርቶን አንጠልጥለውበታል፤ አንዱ ላይ "የሾፌሩ በኩል"፣ ሌላው ላይ "የተሳፋሪው በኩል"። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አለ ኮራሊ?

እስቲ አንቺን ልጠይቅሽ፣ ሾፌር የሚቀመጠው በየት በኩል ነው? በቀኝ፣ እንዴታ! እኔም እንደዚያው ነው የማውቀው። እሳቸውም እንደዚያው ነው የሚያውቁት። የሾፌሩን በሾፌሩ በኩል ገጠሙት፣ የተሳፋሪውን በተሳፋሪው በኩል። ብቻ… አሜሪካኖቹ ምን ነካቸው መሰለሽ… የእነሱ ሾፌር በግራ ነው የሚቀመጠው። አየሽ ነገር? ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የአሜሪካኖቹ ነው እንጂ! የተጻፈለትን አንብቦ የፈጸመ ሰው ምን አጠፋ ይባላል? እንደ እሳቸው ሰው ቃሉን የሚጠብቅ ቢሆን አገር የት በደረሰ ነበር።

ይኼውልሽ፣ ያ ቱቦ አፉ ወደ ኋላ ነው መሆን ያለበት፣ ወደ ማርሚታው። የግራውን ወስደሽ በቀኝ ስትገጥሚው አፉ ወዴት ይዞራል? ወደ ፊት! ራዲያተሩን ፊት ለፊት ያየዋል! ኪኪኪኪ… ውይ፣ ሽንኩርቱ አስለቀሰኝ። ሌላ ተራ ሰው ቢሆን "ውይ፣ ተሳሳትኩ" ብሎ ግራና ቀኙን አቀያይሮ በገጠመ፣ ሥራው ባለቀ። እሳቸው ግን እንደ ተራ ሰው? አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው "አሜሪካ ውስጥ የእሽቅድድም መኪኖች እንዲህ ነው የሚሠሩት" አሉ። እኛም አመንን፤ ማን አሜሪካ ሄዶ ያያል? ከዚያ ሲያስቡት ሲያስቡት መሰለኝ፣ መቁረጫውን አንስተው ሁለቱንም ቆረጡና አፋቸውን በብየዳ ወደ ኋላ አዞሯቸው። አንዴ ከተቆረጠ በኋላ እንግዲህ ማቀያየርም የለም።

አንቺ ግን ያን ሰውዬ እያየሽልኝ ነው? አንዱን ቦታ ብቻ እኮ ነው የሚወለውለው። ቀለሙን ሊያነሣው ነው። ጆሮው ደግሞ እንዴት ቀላ! ባርኔጣ ሳያደርግ ሲወጣ ይሄው ነው፣ ፀሐዩ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ ነበር፤ የዛሬ ጆሮ ግን ባለቤቱን ጠንቅቆ ያውቃል።

የት ደረስኩልሽ? አዎ፣ ብየዳው። ቱቦው በቀኝ በኩል መጣና በመሪው ክንድ ላይ ጋደም አለ። ቀኝ ጎኑ ላይ መሪ መኖሩን አሜሪካኖቹ ከየት ያውቃሉ? እሳቸውም መዶሻ አነሡ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ጥፋተኛው ሌላ፣ ተደብዳቢው ሌላ! ምስኪን ቱቦ፣ ቀኑን ሙሉ ሲቀጠቀጥ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ ግን ሞተሩ ተነሣ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ድምጿ አንጀት ይበላል። መንገድ ላይ ወጥቼ ቆሜ አለቀስኩ፣ ክላይቭን ነው ያስታወሰኝ።

መሪዋ ደግሞ ወደ ግራ ቅቤ ነው። ወደ ቀኝ ትንሽ ዘወር ትልና… ጓ! ቱቦው ላይ ታርፋለች። በቃ። ከዚያ ወዲያ እንኳን ሰው በሬም አይጠመዝዛት።

ታዲያ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እኚህን ሰው ይበልጥ ማድነቅ የጀመርኩት። እኛ ሁላችን ወዲያና ወዲህ ስንንከራተት እሳቸው በአቋማቸው ጸኑ፤ ግራ ካሉ ግራ ነው! ዳቦ ቤቱን ታውቂው የለ፣ ከቤታቸው ወጥተሽ በስተቀኝ ነው። እሳቸው ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ዞረው፣ ትምህርት ቤቱን፣ ፖስታ ቤቱንና የዘማቾች ሐውልቱን ሰላም ብለው ነው የሚደርሱት። ሰው እንዲህ ከተማውን ይውደድ እንጂ። አንድ ቀን ፋርማሲ ብለው ወጡና አደባባዩ ላይ ወደ ግራ፣ ከዚያ ያው መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል… ሊተን ደርሰው ተመለሱ። ሌላ ከተማ እኮ ነው! "የሊተን አየር ይስማማኛል" አሉ። መድኃኒቱንም ከዚያው ገዝተው መጡ፤ እንዴት ያለ ብልህነት ነው! ክፉ ሰዎች "ግራ ገባቸው" ይላሉ። ኧረ በእግዚአብሔር… ግራ ገባቸው ሳይሆን እሳቸው ናቸው ግራ የገቡት።

አትሳቂ እንጂ ኮራሊ፣ ሰውዬው ያየናል። እኛ የሚያስቅ ነገር አውርተናል እንዴ?

ጥፋቱ የቱቦው መሆኑን እንዴት አወቅሽ አትይኝም? ልንገርሽ። ባለፈው የክበቡ ስብሰባ ላይ አንዱ ወጣት ተነሥቶ "ፋልከኗ ለምንድነው ወደ ቀኝ የማትዞረው?" ብሎ ጠየቀ። እኚያ ትልቅ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና… ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ምን ላድርግ፣ ክላይቭ ነፍሱን ይማረውና ሞተሩን አጣሞ ነው ያሰረው" አሉ።

ክላይቭ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። ሟች መቼም መልስ አይሰጥ፤ ምቹ ነው። ክላይቭ እኮ አንዲት ቡሎን ሲያስር ትንፋሹን ይዞ ነው! ባትሪ የያዝኩለት እኔ ነኝ፤ ሚስቱ፣ ስንት ክረምት እግሬ ሲደነዝዝ። ያን ቀን ሻዬን አስቀመጥኩት ኮራሊ። አመመኝ፣ እውነቴን ነው። ሌላ ሌላውን ሁሉ ስቄ አሳልፌዋለሁ፤ ይቺን ግን መሳቅ አቃተኝ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ ስኮን የሚሉትን ትንንሽ የሻይ ዳቦ ጋገርኩ፣ ስኮኑም እንደ ልቤ ጠንክሮ ወጣ። እሱኑ ይዤ ጋራዣቸው ሄድኩ። እሳቸው ሳህን ሊያመጡ ሲገቡ ኮፈኗን ከፈትኩት። ያ ካርቶን እስከዛሬ እዚያው ተንጠልጥሏል፣ ጥጉ በሙቀት ጠቁሮ፣ በቀኝ በኩል፤ "የሾፌሩ በኩል" ይላል። የክላይቭ ሞተር ግን ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ባቄላ ብታስቀምጪበት አይንከባለልም። ኮፈኑን ዘጋሁና ስኮኑን ጋበዝኳቸው። አንዷን ነከሱ፣ ከጥርሳቸው የሆነች ነገር ጠቅ አለች፤ "ይጣፍጣል" አሉኝ። ጨዋ ናቸው ስልሽ።

ለምን ፊት ለፊት አልነግራቸውም? ኧረ ምን ብዬ! ሬሳ የተሸከመልሽን ሰው፣ በእንባ ያስተዛዘነሽን ሰው "ተሳስተሃል" ትዪዋለሽ? በዚያ ላይ ኩሩ ናቸው፤ ቢሰበሩስ? ሰው እንደ ቱቦ አይበየድ። አንዴ ደፈር ብዬ "ቁልፏን ስጡኝና ስታቭሮስ እንዲያው ይያት" ብላቸው ደረታቸውን ያዙ። "አደራ አለብኝ!" አሉ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እኔ እንግዲህ ዝምተኛ ሰው ነኝ። ሰማሽኝ እንዴ ዛሬ የሰው ስም ስጠራ? አንድም አልጠራሁ።

እንደው ቅዳሜ ግን… "ሙሽራዋን እኔ ራሴ ነድቼ ነው የማደርሳት" ብለዋል። ቤተ ክርስቲያኑን አይተሽዋል? ኮረብታው ላይ ያለውን? መንገዱ ወንዙን ይዞ ይወጣና አናቱ ላይ ሲደርስ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በግራ በኩል ምን አለ? መረምቢጂ ወንዝ ነዋ! እዚያ ሦስት ጊዜ ወደ ግራ ልዙር ብትዪ ሦስት ጊዜ መዋኘት ነው። መቼም ልጅቷ ጥምቀቷንም ሠርጓንም ባንድ ቀን ብትጨርስ ለቄሱም ይቀለዋል… ኪኪኪ… አይ፣ እስቃለሁ እንጂ ፈርቻለሁ ኮራሊ። አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ሌላ የለኝም። ብሮንዊን ራሷ ከማዕድን ማውጫው ሥራዋ የምትመጣው ዓርብ ነው፤ ስለዚህ ሁሉ ነገር አልነገርኳትም። "የአባዬ መኪና እንዴት ናት?" ትለኛለች በስልክ። "ትዘፍናለች" እላታለሁ። ሌላ ምን ልበላት?

ስታቭሮስ፣ ዕድሜ ይስጠው፣ ለኛ አገር መሪ የሚሆነውን ቱቦ አዘጋጅቶ አስቀምጧል። እሑድ አይሠራም ነበር፤ ዛሬ ለኔ ብሎ ከፍቶ ይጠብቃል። "ዛሬ ከገባችልኝ ሐሙስ ታወጪያታለሽ፤ ነገ ከሆነ ግን አልደርስም" አለኝ። ሌላው ሁሉ ሞልቷል። የጎደለች አንዲት ቁልፍ ናት፣ እሷም ሩቅ አይደለችም… ከሰው አንገት ላይ ናት። ማንም ሰው ምንም እንዲናገር አልፈልግም። ይቅርታም አልፈልግ። ቁልፏን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ቋሊማውን በልቶ ቢሄድ፣ እኔ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም ነበር።

እንዴ። ያ የኛ ሰውዬ ተነሣ አይደል? ጨርቁን ወረወረው። ፀሐዩ በርትቶበት ነው፣ ምስኪን። ገባ… ኧረ መኪናዋ ውስጥ ገባ! ሊሄድ ነው እንዴ? ገና ምሳ ሳይበላ? እኔ ደግሞ ቋሊማ እያቀረብኩለት ነበር።

ስሚያት! ስሚያት እስቲ ሞተሯን! ሰው ሁሉ ዞረ። አቤት ክላይቭዬ…

ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ይሂድ፣ እኛ ጨዋታችንን… ቆይ ቆይ። በሩ ላይ ያቺ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰችው ልጅ አስቆመችው። ምን እያለችው ነው? አሃ፣ በግራ በኩል መንገዱ ተዘግቷል! ረስቼው፤ ዛሬ የሕፃናቱ የብስክሌት ውድድር አለ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ገመድ ወጥረዋል። ባንዲራዋን እያወዛወዘች ወደ ቀኝ ሂድ ትለዋለች። ወደ ቀኝ፣ ጌታዬ፣ ወደ ቀኝ።

አይይይ።

ጓ! ሰማሽ? ቋሊማ የያዘው ሁሉ ቀና አለ። ልጅቷ ያልሰማት መስሏት አሁንም ታወዛውዛለች፤ ደግ ልጅ ናት። ጓ! ከኋላው ያቺ ሞሪስ መኪና ቆመች፣ ከእሷ ኋላ ያቺ ሰማያዊዋ፣ ከዚያ ያ ባለ ተጎታቹ። ጥሩምባ ነፋበት ባለጌው። አይዞህ በሉት እንጂ ሰዎች! ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሲያስብ ጥሩምባ ይነፋል? በሩን እንደ አጥር ዘግቶት ቆመ። ሁሉም ሰው ይመጣና ያያል፤ ይኼ ሁሉ ሕዝብ ከየት መጣ?

ሞተሩን አጠፋው።

ወረደ። ሰው ሲያየው መሬት መሬት ነው የሚያየው። ኮራሊ፣ ልቤን ምን እንዳለው አላውቅም፤ አሳዘነኝ፣ ደግሞ… አይ፣ አሳዘነኝ ብቻ ልበል። ወደዚህ ነው የሚመጣው። ዝም በይ። ሽንኩርቱን አማስይ፣ አማስይ፣ ሌላ ነገር እናውራ። እና በሲድኒ የቤት ኪራይ እንዴት…

እንዴ፣ ወንድሜ! ና ና፣ ጥላ ውስጥ ግባ። ባርኔጣ ሳታደርግ፣ ጆሮህ እኮ ተቃጠለ። ይቺ ኮራሊ ናት፣ አዲሷ ጎረቤቴ፤ ስለ አየሩ እያወራን ነበር።

ምንድነው ይሄ? ቁልፍ? ለኔ? ምን ነካህ፣ ማን ጠየቀህ? በል እሺ፣ ካልክ… እዚህ ጠረጴዛው ላይ ተዋት። ስታቭሮስ የመጎተቻ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ እንዲያው ድንገት በአጋጣሚ ዛሬ ክፍት ነው።

ማ? ስለ አንተ? ኧረ በፍጹም! ኮራሊ ምስክሬ ናት። ስለ አንድ ትልቅ ሰው ነበር የምንጫወተው፤ እሳቸውን አንተ አታውቃቸውም። አንተ ብትሆን እኮ "ክላይቭ አጣሞ አሰረ" ብለህ አትናገርም ነበር፣ አይደል? ምላስህ ይቆረጣል እንጂ አትናገርም። አውቅሃለሁ። እንኳን አንተ፣ እሳቸውም ይኼኔ ጸጽቷቸዋል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥተው በሰው ሁሉ ፊት "ክላይቭ ቀጥ አድርጎ ነው ያሰረው" ይላሉ። ይላሉ፣ አይመስልህም? እኔም ይመስለኛል።

በል ተቀመጥ፣ ብላ። ሽንኩርቱ ከሥር ነው። ዓይንህን ምን ሆንክ… ጭሱ ነው፣ አውቃለሁ፣ እኔንም ሲለበልበኝ ነው የዋለው። ስማኝ ደግሞ፣ ቅዳሜ ከብሮንዊን ጋር ከኋላ የምትቀመጠው አንተ ነህ። እጇን ይዘህ ቤተ ክርስቲያን የምታስገባትም አንተ ነህ፤ ክላይቭ ከአንተ በቀር ለማንም አይሰጣትም ነበር። ይኼን ከልቤ ነው የምልህ። መሪውን ብቻ ስታቭሮስ ይይዘዋል፤ አንተ ተዝናና፣ በመስኮት እያየህ ሂድ። መንገዱን በዚያ በኩል አይተኸው አታውቅም፣ ያምራል።

ልትሄድ ነው? በእግርህ? ምን አለበት፣ ቅርብ ነው፤ በእግር ሲሆን በየትም በኩል ይኬዳል። ጨርቅህን እንዳትረሳ። ሂድ እሺ ወንድሜ፣ ክላይቭን እስከ መቃብር የሸኘህልኝ፣ ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ እጅህ የነካውን ሁሉ ይባርክልህ። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ፣ በወጣህበት በገባህበት ሁሉ…

ቀኝ ያውልህ!